ቀኑ ያለፈበት ካርታ



በዚህ ሳምንት ለዓምዳችን ከደረሱት ደብዳቤዎች አንዱን ለየት ያለ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ሌሎቹን ለጊዜው አቆይቼ እሱን ላስቀድም ወድጃለሁ። ጸሐፊው በሜሪላንድ የሚኖሩ ወገናችን ናቸው። ሌሊት ኡበር ይነዳሉ፤ ቅዳሜ ጧት ደግሞ ከአንድ ትንሽ የአውሮፕላን ማረፊያ እየሄዱ በረራ ይማራሉ። “ደብረ ዘይት ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀና ብዬ አውሮፕላን ሳላይ ቤት የገባሁበት ቀን የለም። እነሆ በስደት አገር፣ ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ፣ የልጅነት ምኞቴን ጀመርሁት” ይላሉ። እሰየው ብለናል።

ጥያቄያቸው እንዲህ ነው። መብረር ያቆሙ አንድ አዛውንት አሜሪካዊ፣ አንድ ካርቶን ሙሉ የበረራ ካርታ፣ ሁለት የአውሮፕላን ማረፊያዎች ማውጫና አንድ ወፍራም ባለ ቆዳ ጥራዝ በ80 ዶላር ልሽጥልህ ብለዋቸዋል። “ለእኔ ዋጋው ርካሽ ነው። ባለቤቴ ግን አሮጌ ወረቀት ተሸክመህ እንዳትመጣ ብላኛለች። ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ለመሆኑስ አንድ ጀማሪ የትኛውን ካርታና የትኛውን መጽሐፍ መያዝ አለበት?”

ወንድሜ፣ አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልስጥዎት። ባለቤትዎ ልክ ናቸው። ረጅሙ መልስ ደግሞ የሚከተለው ነው።

በዋሽንግተንና በአካባቢው ቀደም ባሉት ዓመታት ታክሲ የነዳን ሁሉ ኤ.ዲ.ሲ. የሚባለውን የመንገድ ካርታ መጽሐፍ እናስታውሳለን። ገጹ ተቀዳዶ፣ ቡና ፈስሶበት፣ በፕላስተር ተጣብቆ፣ ከመቀመጫው ሥር ዓመታት ይከርም ነበር። ቢያረጅም ሥራውን ይሠራል። መንገዱ ተዘግቶ ብናገኘው ዞረን እንመጣለን። የምንከስረው ሩብ ሰዓትና የተሳፋሪውን ቲፕ ነው። እርስዎም የአየር ካርታን በዚሁ ሚዛን ሳይመዝኑት አልቀሩም። ሁለቱ ግን ለየቅል ናቸው። በሰማይ ላይ ዳር ይዞ ቆሞ ሰው መጠየቅ የለም።

የአየር ካርታ እንደ ወተት ነው፤ የሚያበቃበት ቀን በፊቱ ላይ ተጽፎበታል። የአሜሪካ የሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት፣ ማለት ኤፍ.ኤ.ኤ.፣ የሚያወጣቸው የእይታ በረራ ካርታዎች ቀድሞ በየስድስት ወሩ ይታደሱ ነበር። ከ2021 ወዲህ ግን (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ) በየ56 ቀኑ፣ ማለትም በየስምንት ሳምንቱ ይታደሳሉ። ካርታውን ሲገዙ መጀመሪያ የሚያነቡት የከተማውን ስም ሳይሆን ይህንኑ ቀን ይሁን። ከቀኑ አጠገብ “0901 ዙሉ” የሚል ሰዓት ያገኛሉ። ዙሉ ማለት የግሪንዊች ሰዓት ነው። በዋሽንግተን በክረምት ከሌሊቱ 4፡01፣ በበጋ ደግሞ 5፡01 ይሆናል። በእኛ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ነው። ፈረንጆቹ ተማሪዎች በዚህ የሰዓት ነገር ሲምታታባቸው አይቻለሁ። እኛ ግን “በአበሻ ነው በፈረንጅ?” ብለን ስንጠይቅ ያደግን ስለሆንን አይከብደንም።

አሁን ደግሞ ያሳፈረኝን የራሴን ታሪክ ላጫውታችሁ። ብልህ ከሰው ስህተት ይማራል ይባላልና፣ እርስዎ ከእኔ ይማሩ።

ፈቃድ ባወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ከአገር ቤት የመጣች ታናሽ እህቴን አሳፍሬ ወደ አንዲት ትንሽ የፔንሲልቬኒያ ከተማ በረርሁ። ከጓደኛ በነፃ ያገኘሁት ካርታ በጉልበቴ ላይ ነበር። ቀኑ ማለፉን አውቃለሁ፤ ግን “ተራራው የት ይሄዳል? ወንዙስ?” ብዬ ነው የያዝሁት። የምናርፍበት ሜዳ የመቆጣጠሪያ ማማ የለውም። እንዲህ ባለው ቦታ አብራሪዎች በአንድ የጋራ የራዲዮ ሞገድ “እኔ እዚህ ነኝ፣ ልዞር ነው፣ ላርፍ ነው” እየተባባሉ ተራ ይጠባበቃሉ። እኔም በደንቡ መሠረት አሥር ማይል ሲቀረኝ ተናገርሁ፤ ስዞር ተናገርሁ፤ ልወርድ ስል ተናገርሁ። መልስ የሰጠኝ የለም። “ጸጥ ያለ ቀን ነው፣ ሜዳው የኛ ነው” ብዬ ተደሰትሁ።

እህቴ ናት ያዳነችን። “ይኼ ሰውዬ ወዴት ነው የሚመጣው?” አለች በስተቀኝ እያመለከተች። ቀና ብል ሌላ አውሮፕላን ከእኛ ትንሽ ዝቅ ብሎ ወደዚያው መንደርደሪያ እየወረደ ነው። ሞተሩን ከፍቼ ወጣሁና ዞሬ ተመለስሁ። ካረፍን በኋላ ያ አብራሪ ወደ እኛ መጣ። ሸምገል ያለ ሰው ነው። ይሳደባል ብዬ ስጠብቅ፣ “በየትኛው ሞገድ ነበር የምትናገረው?” ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። ነገርሁት። ካርታዬን ከእጄ ወሰደና በፊቱ ላይ ያለውን ቀን በጣቱ ነካው። ሌላ ቃል አልተናገረም። ሞገዱ ከተለወጠ ወራት አልፈውታል። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ የማወራው ለራሴ ኖሯል። ተራራው በእርግጥ የትም አልሄደም ነበር።

“በሁለት ወር ውስጥ ምን ያህል ነገር ይለወጣል?” እንዳይሉ ጥቂቶቹን ልቁጠርልዎ። የራዲዮ ሞገድ ይለወጣል። አዲስ የቴሌፎን አንቴና ወይም የንፋስ ኃይል ማመንጫ ከኮረብታ ላይ ይተከላል። አውሮፕላኖች አቅጣጫ የሚይዙባቸው ቪ.ኦ.አር. የሚባሉ የምድር ራዲዮ ጣቢያዎች፣ በጂ.ፒ.ኤስ. ምክንያት ከ2016 ጀምሮ በርከት ያሉት ተዘግተዋል። የመንደርደሪያ ቁጥር እንኳ ይቀየራል። ቁጥሩ የሚወጣው ከኮምፓስ አቅጣጫ ነው፤ የምድር ማግኔት ደግሞ ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል። በዚሁ ሰበብ በ2011 የፍሎሪዳው የታምፓ አውሮፕላን ማረፊያ 18 ይባል የነበረውን መንደርደሪያውን 19 ብሎ እንደገና ቀለም መቀባት ግድ ሆኖበታል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን የተዘጋ ሜዳ ነው። በሜሪላንድ ከዋሽንግተን በስተደቡብ ሃይድ ፊልድ የሚባል የቆየ ማረፊያ ነበር፤ በ2022 ተዘግቷል። በአዛውንቱ ካርቶን ውስጥ ባለው ካርታ ላይ ግን እስከ ዛሬ ክፍት ነው። ሞተር ጠፍቶብዎ ከ2,000 ጫማ ላይ ማረፊያ ሲፈልጉ፣ ያ ካርታ ወደሌለ ሜዳ ይልክዎታል።

እንግዲህ ምን ይግዙ ወደሚለው ልምጣ።

አንደኛ፣ ሴክሽናል የሚባለው ካርታ ነው። የጀማሪ ዋና መጽሐፉ ይህ ነው። መስፈርቱ 1፡500,000 ነው፤ አንድ ሴንቲሜትር በካርታው ላይ አምስት ኪሎ ሜትር በምድር ላይ ይሆናል። ቆላው በአረንጓዴ፣ ደጋው ወደ ቡናማ እያደላ ይታያል። ማማ ያለው ማረፊያ በሰማያዊ፣ የሌለው በቀይ ወይን ጠጅ ቀለም ይጻፋል። በየአራት ማዕዘኑ ውስጥ ደግሞ ደመቅ ያለ ትልቅ ቁጥርና አጠገቡ ትንሽ ቁጥር አለ። ትልቁ 3፣ ትንሹ 4 ከሆነ፣ በዚያ ክልል ውስጥ ያለው ከፍተኛው ተራራ ወይም ግንብ ከ3,400 ጫማ አይበልጥም ማለት ነው። ይህን ቁጥር ከሁሉ አስቀድመው ይልመዱት። ደመና ዝቅ ሲልና ልብ መምታት ሲጀምር ሌላውን ለማንበብ ፋታ አይገኝም።

ከአላስካና ከሃዋይ ውጭ ያለው የአሜሪካ ምድር በ37 ሴክሽናል ይሸፈናል። እርስዎ የሚያስፈልግዎ አንድ ነው፣ የዋሽንግተኑ። ወደ ሰሜን ራቅ ብለው ሲሄዱ የኒውዮርኩ፣ ወደ ምዕራብ ተራራውን ሲሻገሩ የሲንሲናቲው ይጨመራል። ይህንንም የሚገዙት በዚያ ሊበሩ በተነሡበት ሳምንት ነው። አርባ ካርታ በካርቶን ማስቀመጥ ለአንድ ሰሞን ዓመት ሙሉ የሚበቃ እንጀራ ጋግሮ እንደማስቀመጥ ነው፤ ሳይበላ ይሻግታል።

ሁለተኛ፣ የባልቲሞርና የዋሽንግተን ተርሚናል ካርታ ነው። ይህ 1፡250,000 ስለሆነ ሁሉም ነገር እጥፍ ጎልቶ ይታያል። በትልልቅ ከተሞች ዙሪያ የአየሩ ክልል እንደ ድርብርብ የሰርግ ኬክ በፎቅ በፎቅ የተከፈለ ነው። የትኛው ፎቅ ከየት ከፍታ ተነሥቶ እስከ የት እንደሚደርስ በሴክሽናሉ ላይ ለማንበብ ዓይን ያደክማል። ሌላ ከተማ ለሚኖር ሰው ይህ ካርታ ቢኖር ጥሩ ነው እለዋለሁ። ለእርስዎ ግን ግዴታ አድርገው ይቁጠሩት። ምክንያቱን ወዲያው እመጣበታለሁ።

ሦስተኛ፣ ቻርት ሰፕልመንት የሚባለው መጽሐፍ ነው። እስከ 2016 ድረስ ስሙ የአውሮፕላን ማረፊያዎች ማውጫ ነበር። አዛውንቱ ሊሸጡልዎ ያሰቡት ሁለት መጽሐፍ የዚህ አሮጌ እትም ይመስለኛል። አላስካንና ፓስፊክን ትቶ ሰባት ቅጽ አለው፤ ሜሪላንድም ቨርጂኒያም በሰሜን ምሥራቁ ቅጽ ውስጥ ናቸው። የመንደርደሪያው ርዝመት፣ መብራቱ፣ ነዳጅ መኖር አለመኖሩ፣ ሞገዱ፣ ወደ ቀኝ ወይስ ወደ ግራ እየዞሩ እንደሚያርፉ፣ የስልክ ቁጥሩ ሳይቀር ይገኝበታል። ይህም በየ56 ቀኑ ይታደሳል። እኔ በፔንሲልቬኒያ ከማረፌ በፊት አዲሱን አንድ ገጽ አንብቤ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ባልደረሰብኝ።

አራተኛ፣ የበረራ ደንቦችና የአብራሪዎች መመሪያ በአንድ ጥራዝ ታትሞ በየዓመቱ የሚወጣው ወፍራም መጽሐፍ ነው። ለፈተና ስለሚያስፈልግዎ የዘንድሮውን አንድ ይግዙ። ከዚያ ወዲያ በነፃ በኢንተርኔት ማንበብ ይቻላል። የካርታ ምልክቶችን አንድ በአንድ የሚያስረዳው የኤፍ.ኤ.ኤ. መጽሐፍም እንዲሁ በነፃ ይገኛል። እውነቱን ለመናገር የካርታዎቹም ዲጂታል ቅጂ በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ነው። ስለዚህ 80 ዶላር ለአሮጌው የሚከፈልበት ምክንያት ጭራሽ የለም።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ የመጨረሻው ይቀራል፤ እሱም ኖታም ነው። ካርታው ከታተመ በኋላ የሆነውን፣ ማለትም የተዘጋውን መንደርደሪያ፣ የጠፋውን መብራት፣ ፕሬዚዳንቱ ስለሚመጡ ለሦስት ቀን የታገደውን ሰማይ የሚነግርዎ የዕለቱ ማሳሰቢያ ነው። የአሜሪካ የበረራ ደንብ ቁጥር 91.103 አብራሪው ከመነሣቱ በፊት በረራውን የሚመለከተውን ማናቸውንም ሊገኝ የሚችል መረጃ እንዲያውቅ ያስገድደዋል። “አላየሁትም” የሚል መልስ አይሠራም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ኖታም የሚነበበው ቤት ተቀምጦ ቡና እየተጠጣ ነው።

ለእርስዎ ይህን የማጠብቀው ያለነው በዋሽንግተን ዙሪያ ስለሆነ ነው። ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ የራዲዮ ጣቢያ ዙሪያውን እስከ 30 የባሕር ማይል ድረስ ያለው ሰማይ ልዩ ደንብ አለው። ከ2001ዱ ጥቃት በኋላ በ2003 ተጀምሮ በ2009 ቋሚ ሆኗል። እዚያ ውስጥ ለመግባት የበረራ ዕቅድ ማስመዝገብ፣ ለእርስዎ ብቻ የተሰጠ የትራንስፖንደር ቁጥር መሙላትና ከተቆጣጣሪው ጋር በራዲዮ መገናኘት ያስፈልጋል። ወደ መሐል ከተማው ሲጠጋ ደግሞ ለተራ አብራሪ ጨርሶ የተከለከለ ክብ አለ። እስከ 60 ማይል ድረስ በእይታ የሚበር ሰው ሁሉ ስለዚህ ደንብ የተዘጋጀውን ትምህርት ወስዶ የምስክር ወረቀቱን መያዝ አለበት። ትምህርቱ በነፃ ነው፤ ገና ተማሪ ሳሉ ይውሰዱት።

ሜይ 11 ቀን 2005 የሆነውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ሁለት ሰዎች ሴስና 150 በምትባል ባለ ሁለት ወንበር አውሮፕላን ከፔንሲልቬኒያ ተነሥተው ወደ ኖርዝ ካሮላይና ሲሄዱ መንገድ ስተው ወደዚህ ክልል ገቡ። ከዋይት ሐውስ ወደ 3 ማይል ያህል ቀርበው ነበር። ኤፍ-16 ተዋጊ ጄቶች ተነሡ። ዋይት ሐውስና ካፒቶል ሕዝቡን በሩጫ አስወጡ። አውሮፕላኗ ተከብባ በፍሬድሪክ ሜሪላንድ እንድታርፍ ተደረገ። ሰዎቹ ክፉ አሳብ አልነበራቸውም፤ የጠፉ መንገደኞች ነበሩ። ኤፍ.ኤ.ኤ. ግን የኃላፊውን አብራሪ ፈቃድ ሰረዘ። ከመነሣታቸው በፊት የአየሩን ጠባይና ኖታሙን አለማየታቸው ከጥፋቶቹ መካከል ተቆጥሯል።

እነዚያ ሰዎች ተፈተው ወደ ቤታቸው ገብተዋል። እኔና እርስዎ ግን የውጭ ስምና የውጭ አነጋገር ያለን ሰዎች ነን። በእኛ ላይ ቢደርስ ጥያቄው በዚያ ያበቃል ብዬ ለመማል አልደፍርም። አንድ የታደሰ ካርታ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ያድናል።

“ዘመኑ የታብሌት ነው፤ ወረቀት ለምን?” የሚሉኝ ወጣቶች አይጠፉም። እውነት አላቸው። ፎርፍላይትን የመሰሉ ፕሮግራሞች በዓመት ክፍያ ሁሉንም ካርታ ያቀርባሉ፤ እርስዎ ያሉበትንም በካርታው ላይ በትንሽ አውሮፕላን ምልክት ያሳያሉ። ለእርስዎ ዓይነቷ ትንሽ አውሮፕላን ወረቀት መያዝ ግዴታ ነው የሚል ሕግም የለም። እኔም እጠቀምበታለሁ። ሁለት ነገር ግን አይርሱ። ታብሌቱም ቀን ያልፍበታል፤ ከቤት ሳይወጡ አዲሱን ካልጫኑበት የያዙት አሮጌ ወረቀት ነው፣ ያውም የሚያበራ። ሁለተኛ፣ አይፓድን የሠራው ድርጅት ራሱ ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት አትጠቀሙበት ይላል። በሐምሌ ፀሐይ የአውሮፕላኑ መስታወት ሥር ሲቀመጥ ሞቆ ይጠፋል። ያን ጊዜ አንድ የዋሽንግተን ሴክሽናል ከወንበሩ ኪስ ውስጥ ያለው ሰው አይደነግጥም። ምክሬ ሁለቱንም ነው፤ ታብሌት በጉልበት ላይ፣ አንድ ወረቀት በኪስ።

ስለ ባለ ቆዳው ጥራዝም ጠይቀውኛል። እሱ ጀፕሰን የሚባለው ሳይሆን አይቀርም። ታሪኩ ደስ ይላል። ኤልሪ ጀፕሰን በ1930ዎቹ መግቢያ የፖስታ አውሮፕላን ያበር ነበር። ጓደኞቹ በክረምት ተራራ እየመቱ ሲያልቁበት በ10 ሳንቲም አንዲት ጥቁር ደብተር ገዛ። የሜዳዎቹን ርዝመትና ተዳፋት፣ የግንቦቹን ቁመት፣ የአየሩን ሁኔታ በስልክ የሚነግሩትን የገበሬዎች ቁጥር ሳይቀር መዘገበ። የኮረብታ ከፍታ ለመለካት መሣሪያውን ተሸክሞ በእግሩ ይወጣ ነበር። ሌሎች አብራሪዎች ሲለምኑት በ1934 ቅጂውን በ10 ዶላር መሸጥ ጀመረ። ዴንቨር የምትኖሩ ወገኖቻችን ዘወትር የምታልፉበት ተርሚናል የተሰየመው በእሱ ስም ነው።

ነገር ግን የጀፕሰን ጥራዝ ገጹ እየተነቀለ በአዲስ የሚተካ ነው። መተካቱ ከቆመ ሬሳ ነው። በዚያ ላይ በአብዛኛው የሚያገለግለው በደመና ውስጥ በመሣሪያ ለሚበር ሰው ነው። እርስዎ እዚያ ሲደርሱ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

ወንድሜ፣ አዛውንቱን ግን አያስቀይሟቸው። ካርቶኑ ውስጥ የካርታ ማስመሪያና ኢ-6-ቢ የሚባለው ክብ የእጅ ማስሊያ ካለ እነሱን ይግዙ። እነሱ ቀን አያልፍባቸውም፤ የዛሬ አርባ ዓመት የተሠራው ዛሬም ነፋስና ነዳጅ በትክክል ያሰላል። አንድ አሮጌ ካርታ ቢመርቁልዎትም ይቀበሉና “ለበረራ አይሆንም” ብለው በቀይ ከጻፉበት በኋላ መስመር ለመለማመጃ ያድርጉት፣ ወይም ግድግዳ ላይ ይስቀሉት። በተረፈው ገንዘብ የዚህን ወር ሴክሽናል፣ ተርሚናል ካርታና ሰፕልመንት ይግዙ። ቤት ሲገቡም ለባለቤትዎ ቀኑን ያሳዩአቸው።

ብቻዎን የሚበሩበት ቀን ሲደርስ ለዚህ ዓምድ መጻፍዎን እንዳይረሱ። በሚቀጥለው ሳምንት የቆዩትን ደብዳቤዎች ይዤ እቀርባለሁ።

እስከዚያው ቸር ይግጠመን።